ለሚያዝያ 27 ስለ ስንዱ ገብሩ ምን ላቅርብ? ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ

መምህርት ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡም የእኔ ኃላፊነት ነው። ለአርበኞች ቀን ክበቡ ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶታል።

በየዓመቱ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንድ ወንድ ልጅ ጎፈር አድርጎ ይፎክራል፣ ሌላው የእንጨት ጠመንጃ ይዞ መድረኩ ላይ ይንጎራደዳል፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ከኋላ ቆመው እልል ይላሉ። አለቀ። ዘንድሮ ልጃገረዶቹ ተሰብስበው መጥተው «ቲቸር፣ እኛ ከእልልታ ሌላ ሥራ የለንም ወይ?» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው።

ከዚያ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ትዝ አሉኝ። ገጣሚ ናቸው፣ ተውኔት ጸሐፊ ናቸው፣ አርበኛ ናቸው፣ ታስረዋል፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ፓርላማ ገብተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን ልጽፈው ስቀመጥ የሥራ ማመልከቻ ይመስልብኛል። የመጀመሪያዋ ሴት እንዲህ፣ የመጀመሪያዋ ሴት እንዲያ… እኔ ራሴ ሳነበው እንቅልፌ መጣ፤ ዘጠነኛ ክፍሎችማ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስልካቸውን ያወጣሉ።

ሌላው ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እኛ ሰሜን ሸዋ ላይ ቁጭ ብለን ለምን ከሩቅ እንበደራለን? የራሳችን አርበኛ ሞልቶ የለም ወይ» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አልተዋጠልኝም፣ ግን ምን ብዬ እንደምመልስለትም አላወቅኩም። መጽሐፋቸውንም እዚህ ከተማ ላገኘው አልቻልኩም። የምታውቁ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

ስድስት ኪሎ

መምህርት፣ ጥሩ ሰው መርጠሻል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ አንቺ የሚጠቅምሽን ትመርጫለሽ።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ልጅቷን ለመረዳት ከአባትየው መጀመር ነው። ከንቲባ ገብሩ በልጅነታቸው ሚሲዮኖች እጅ ገብተው ውጭ አገር የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ምኒልክን ያገለገሉ፣ በ1911 ዓ.ም ወደ አሜሪካ ከተላከው የመልክተኞች ቡድን ጋር የሄዱ ሰው ናቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሴት ልጁን ገና በልጅነቷ ለትምህርት ስዊዘርላንድ የሚልክ አባት ስንት ነበር? የመኳንንቱ ልጆች እንኳ ቢበዛ ዳዊት ደግመው፣ ፈትልና ሙያ ተምረው ነበር የሚዳሩት።

ስንዱ ከዚያ ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። እዚህ ላይ ነው ተማሪዎችሽን የምትይዣቸው። በሃያ ዓመቷ ያለች፣ አውሮፓ ያደገች፣ የፈረንጅ ቋንቋ የምትናገር ወጣት ናት። ንጉሡ ሲሰደዱ መሸሽ ትችል ነበር። ወይም አዲስ አበባ ተቀምጣ ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆና መብላት ትችል ነበር፤ ያደረጉት አልጠፉም። እሳቸው ግን ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰለፉ።

ጥቁር አንበሳ ማለት በ1928 ዓ.ም ነቀምቴ ላይ የተቋቋመ የአርበኞች ማኅበር ነው። አብዛኞቹ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር፣ በኋላ ልዑል ራስ እምሩ የበላይ ሆኑላቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነቀምቴ አጠገብ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥለው፣ ይዘዋቸው የመጡትን መኮንኖች ገድለዋል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ግን ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡና ጣሊያን አገር ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ።

ወይዘሮ ስንዱም በጣሊያኖች እጅ ወድቀው አዚናራ ታሰሩ። አዚናራ ሰርዲኒያ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። ከየካቲት 12 በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ መሳፍንቱ፣ መኳንንቱ፣ የተማሩት፣ እመቤቶቹ ጭምር ወደ ጣሊያን ሲጋዙ ብዙዎቹ የገቡት እዚያ ነው።

ለባልደረባሽ የምትመልሺለትም ከዚህ ላይ ይገኛል። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። ቂሙ በሦስት ቀን አልበረደም። ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስ ገብተው መነኮሳቱን ፈጁ። ከገዳሙ የተያዙትን ዲያቆናት ደግሞ አንተ ወዳለህበት፣ ወደ ደብረ ብርሃን አጠገብ አምጥተው ነው የረሸኗቸው በይው። ሰውን ወደ አዚናራ በመርከብ የጫነውም፣ እናንተ ከተማ ዳር ዲያቆናትን የረሸነውም ያው አንድ እጅ ነው። ከሩቅ የተበደርሽው ነገር የለም።

መጽሐፉ «የልቤ መጽሐፍ» ይባላል፤ የታተመው በ1942 ዓ.ም ነው። ግጥምም ተውኔትም አንድ ላይ ይዟል። ደብረ ብርሃን ሱቅ ላይ አትድከሚ። አዲስ አበባ ስትመጪ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። ከትምህርት ቤትሽ የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ ብትመጪ ነገሩ ይቀልልሻል። አደራ፣ ማኅተም ያለው ይሁን፤ ያለ ማኅተም በር ላይ ነው የምትቀሪው።

ሐረጓ

ይህቺ ሴት አዲስ ዓለም ምሽግ ላይ የተዋጋችው አይደለችም እንዴ? አዚናራ ታስራ ከተመለሰች በኋላ? እሱን ብታሳዩት ይሻላል፣ ልጆች ውጊያ ይወዳሉ።

ስድስት ኪሎ

እሳቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ሁለቱም አዚናራ ስለታሰሩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሸዋረገድ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ የውስጥ አርበኛ፣ ጣሊያን ምስጢር እንዲያወጡ አሰቃይቷቸው ትንፍሽ ያላሉ ናቸው። ሲመለሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ የአዲስ ዓለሙ ውጊያ የእሳቸው ነው። ስንዱ የተማሩት ወጣት ናቸው፤ እስከ መጨረሻው የብዕር ሰው ነበሩ። አንዷን ለማሳየት ሌላዋን መደረብ አያስፈልግም።

ሐረጓ

እሺ። ግን ለመድረክ ሸዋረገድ ትበልጣለች፣ በዚህ አልስማማም 😄

የመንዝ ሽማግሌ

ልጄ መምህርት፣ እንደምን ከርመሻል። የእነ ስድስት ኪሎን ጽሑፍ አነበብኩት፣ መልካም ነው። ባልደረባሽ ያለውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የሰሜን ሸዋን ሴቶች ሳትጠሪ ብታልፊ እኔም እቀየምሻለሁ።

አርበኛ ሲባል ራስ አበበ አረጋይ ይነሳሉ፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ይነሳል። ይገባቸዋል፣ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ ለከረመ ሰው እንጀራውን ማን ጋገረለት? በሶውን ማን ፈጨለት? ጣሊያን ስንት ሆኖ እንደወጣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ ገበያ ውላ ማታ የምትናገርለት ማን ነበረች? ፊቼ ላይ ደጃዝማች አበራ ካሣ ሲገደሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ስዩም አርበኛ መርተው የተዋጉት እዚሁ እኛ አገር ውስጥ ነው። እሳቸው የራስ ስዩም ልጅ ስለሆኑ ስማቸው ተጻፈ። የባላገሯስ?

ዘረት ዋሻን ልጆቹ ያውቁት ይሆን? መንዝ ውስጥ ነው፣ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም የራስ አበበ አርበኞች ከነቤተሰባቸው፣ ከሴትና ከልጅ፣ ከሽማግሌና ከቁስለኛ ጋር ዋሻው ውስጥ ተከበቡ። ጣሊያን በመድፍ አልሆን ሲለው የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጅ ሰጥተው የወጡትን ደግሞ ረሸናቸው። ይህ ነገር በዓለም ዘንድ በደንብ የተሰማው አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ሰነዱን አግኝቶ፣ ቦታውም ድረስ መጥቶ፣ ከጻፈው በኋላ ነው። የመንዝ ሰው ግን በለቅሶው ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር ልልሽ የፈለግሁት። ግጥም ስትዪ መጽሐፍ ብቻ አይደለም ልጄ። በእኛ አገር አልቃሿ ናት ገጣሚዋ። ቀብር ላይ ቆማ የሟቹን ዘር፣ የዋለበትን፣ ያጠቃውን ሰው፣ ያልተበቀለለትን ደም ቤት እየመታች ታወርዳለች። ስንቱ ሰው ነው በእርሷ ግጥም ተቆጥቶ ዱር የገባው! ጣሊያንም ይህን አያጣውም፣ አዝማሪን ይፈራ የነበረው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ስንዱን ስታቀርቢ ከሰማይ የወረዱ አታድርጊያቸው። ገጥሞ ማስቆጣት የቆየ የሴት ሙያ ነው። እሳቸው ያንን ሙያ ማተሚያ ቤት ያደረሱት ናቸው።

እስቲ ለሴት ተማሪዎችሽ ይቺን ስጪልኝ። የማንም አይደለችም፣ አሁን ቁጭ ብዬ የገጠምኳት ናት፦

ጥይቱን በእንስራ ሽቅብ ያወጣችው፣
በየትኛው መዝገብ ስሟን አገኘችው?

ቀጣዩን እነርሱ ይጨምሩበት።

ቡና በሦስተኛው

ጋሼ፣ ግጥሟ ልብ ትነካለች 👏 አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ሕንዷ ሳሮጂኒ ናይዱ አንብቤ ነበር። እሷም ገጣሚ፣ እሷም የነጻነት ታጋይ። እ.ኤ.አ. በ1925 የሕንድ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፣ ከሕንድ ሴቶች የመጀመሪያዋ። በ1930 ጋንዲ በጨው ሰልፉ ምክንያት ሲታሰር ዳራሳና የሚባለው የጨው ማምረቻ ላይ ሰልፉን የመራችው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ታስራለች። ከነጻነት በኋላ የአንድ ትልቅ ግዛት አስተዳዳሪ ሆናለች።

ያኔ የገረመኝ ሳሮጂኒ ግጥሟን የጻፈችው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ በገዢዎቹ ቋንቋ። ከዚያ ደግሞ ትግሉ ሲበረታ ግጥሙን ፖለቲካው ዋጠባት። ወይዘሮ ስንዱ የተገላቢጦሽ ናቸው። የተማሩት በፈረንጅ ቋንቋ ነው፣ መጽሐፋቸውን ግን በአማርኛ ጻፉ። እሱንም ያሳተሙት ከጦርነቱና ከእስሩ በኋላ ነው። ጦርነት ብዙ ሰው ዝም ያሰኛል፤ እሳቸውን አናገራቸው። እኔ ብሆን ሃያ ደቂቃውን በዚህ ላይ ነበር የማጠፋው።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ግጥሟን ዛሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። አንዷ ልጅ ገና ሳልጨርስ «ቲቸር፣ እንስራው ቢሰበርስ?» አለች። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እንስራው ቢሰበር ምን እንደሚፈጠር ሲከራከር ደወል ተደወለ። ለካ ዘረትን ከክፍሉ የሚያውቁት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ የመጡ።

አሁን የቀረኝ እንዴት ወደ መድረክ ላምጣው ነው። ስንዱን የምትጫወት ልጅ መርጬ ነበር፣ ግን ምን ብላ ትናገር? እሳቸው ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት ፈራሁ።

የድሮ ተዋናይ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። እኔ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ያደግኩ ነኝ፣ ታሪካዊ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰውየው ወይ ሐውልት ይሆናል ወይ ቀልድ። አንዴ አንድ ንጉሥ የሚጫወት ልጅ ጺሙ ወልቆበት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር የሰማው የለም።

እኔ ብሆን ወይዘሮ ስንዱን መድረክ ላይ አላወጣም። ቦታውን እቴጌ መነን ትምህርት ቤት አድርጊው፣ ጊዜው ከነጻነት በኋላ፣ እሳቸው ዳይሬክተር የሆኑበት። ትምህርት ቤቱ የሴቶች አዳሪ ነበር። እሳቸው ደግሞ ተውኔት ይጽፋሉ። እና አምስት ስድስት ልጃገረዶች ለልምምድ ተሰብስበው ዳይሬክተሯን እየጠበቁ ነው። ዘግይተውባቸዋል። ልጆች አስተማሪ ሲዘገይ ምን ያደርጋሉ? ያማሉ!

በሐሜቱ ውስጥ ሕይወታቸው በሙሉ ይወጣል። አንዷ «እኮ ፈረንጅ አገር ነው ያደጉት» ትላለች። ሌላዋ «ታዲያ ለምን እዚያው አልቀሩም?» ሦስተኛዋ «ጥቁር አንበሳ ነበሩ ይባላል»፣ አራተኛዋ «ሂጂ ወዲያ! እንዲህ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሄዱት?» አንዷ ስለ ደሴቷ የሰማችውን በሹክሹክታ ትናገራለች። እንዲህ ሲሆን ስህተት የምትናገርም ልጅ ልታስገቢ ትችያለሽ፣ ሐረጓ እንዳለችው ከሸዋረገድ ጋር የምታምታታ፤ ጓደኞቿ ያርሟታል። አድማጩ ሳያውቀው ሁለቱንም ተማረ ማለት ነው።

ከመሐከላቸው አንዷን ከመንዝ የመጣች አድርጊያት። ሌሎቹ የከተማ ልጆች ስለሆኑ በአነጋገሯ ይስቁባታል። እሷ ግን ስለ ዘረት ታውቃለች። እሷ ስትናገር ሳቁ ይቆማል። የጋሼ ግጥም የእሷ ናት። ባልደረባሽም ይደሰታል።

ከዚያ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ ሁሉም ተሯሩጠው በቦታቸው ይቆማሉ፣ መብራት ይጠፋል። እሳቸውን አናያቸውም።

ስድስት ኪሎ

ይህ ሐሳብ ግሩም ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ። የፓርላማውን ነገር በልጆቹ አፍ እንዳታስገቢው፣ ያኔ ገና አልተመረጡም። የሴቶች መምረጥና መመረጥ የመጣው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፣ እሳቸውም ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡት ያኔ ነው። በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ በስሙ ነው የሚወዳደረው፣ ዕጩ ለመሆንም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ሴት ልጅ በዚያ ሁሉ መሐል ተወዳድራ ማሸነፏ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ያረፉት በ2001 ዓ.ም ነው፣ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ይህን መድረክ መሪው በመጨረሻ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊለው ይችላል።

ሐረጓ

የስህተቷን ልጅ ስም ሐረጓ በሉልኝ እንጂ ካልሆነ ፈቃድ አልሰጥም 😂

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ተሰጥቷል ሐረግዬ 😂

የድሮ ተዋናይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ መጻፍ ጀምሬያለሁ። የመንዟን ልጅ የምትጫወተው እንስራው ቢሰበርስ ያለችው ናት፣ ራሷ ለመነችኝ። የእንጨት ጠመንጃ የያዘው ልጅ ግን ተቆጥቷል፣ «እኔስ ምን ልሥራ?» ይለኛል።

የድሮ ተዋናይ

ኮቴው እሱ ይሁን። ከመጋረጃ ኋላ በሴት ጫማ ይራመድ።

የመንዝ ሽማግሌ

ወይ ጉድ! ልጄ፣ እልልታውን ግን አታስቀሪው። መጨረሻ ላይ ወንዶቹ እልል ይበሉ፣ ይልመዱት።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

እሺ ጋሼ 😄 ልምምድ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ የሚኒ ሚዲያችን ማይክ እየጮኸ አስቸግሮናል፤ ለአንድ ቀን ማይክ የምታውሱን ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያረጀ የእንጨት ዴስክም አንድ ሁለት ቢገኝ ጥሩ ነው። የአሁኑ ብረት ስለሆነ የእቴጌ መነንን አይመስልም።